ሰው እንዳለበት ይጠገን፦ ከማጀቴ የተነሳ ማኒፌስቶ

ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ማጀቴ ሙሉ በሙሉ ፈረሰች። ከዚያ ዕለት በኋላም ምድሩ ለወራት አላረፈም፤ የዕለቱ መንቀጥቀጥ ግን በሬክተር መለኪያ ከ6 በላይ ነበር። ጎረቤታችን ካራቆሬ ከቤቶቿ 45 ከመቶ ያህሉን አጣች። ከካራቆሬ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም 17 ኪሎ ሜትር ያህል አውራ ጎዳናው ተሰነጣጠቀ፤ ናዳ ወረደበት። 5,000 ያህል ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ጉዋን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ የካራቆሬው ዓመት ሰፊ ቦታ ይዟል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያሻም፤ ማጀቴ አለች። ከአዲስ አበባ ደሴ አውራ ጎዳና ገባ ብላ፣ በአንጾኪያ ገምዛ ወረዳ፣ ተራራውን ተደግፋ ቆላውን እያየች አለች። ከፍርስራሹ ላይ ቋሚ ተክለው፣ ማገር አስረው፣ ጭቃ ረግጠው እንደገና ያቆሟት የኖሩባት ሰዎች ናቸው። ዛሬ በየስብሰባው «ያረጀ ሰፈር»፣ «ደረጃውን ያልጠበቀ ግንባታ» እየተባለ የሚነሳው ቤት በብዛት የዚያ ትውልድ እጅ ሥራ ነው፤ ካልሆነም ያ ትውልድ ያስተማራቸው ልጆች ሥራ ነው።

ይህን የምንጽፈው እኛ ስም ገና አላወጣንም። ማኅተም የለንም፤ ባነርም አላሠራንም። በመካከላችን አናጺ አለ፣ ግንበኛ አለ፣ ጭቃ መራጊ አለ። ሠላሳ ዓመት በቀበሌ ቤት ኖራ የጣሪያዋን ቀዳዳ በላስቲክ የምትደፍን እናት አለች። ቤቱ ተቃጥሎ ተሰዶ የተመለሰ አለ። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ስለ ሲሚንቶ ብዙ የተማረ፣ ስለ ጭቃ ግን አንድም ቀን ያልተማረ ወጣት መሐንዲስ አለ። ለጊዜው ጠጋኞች በሉን።

የምንለው አንድ ነገር ነው፦ በማጀቴ፣ በካራቆሬ፣ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ከተሞች ሁሉ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ነዋሪው ከነልጁ፣ ከነእድሩና ከነቅሬው በቦታው እንዳለ ይጠገኑ። ማፍረስ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ የሚመጣ ውሳኔ ይሁን። ዛሬ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ሆኗል።

ስለ ምድሩ እንነሳ። የተቀመጥነው የአፋር ስምጥ ሸለቆ ከሸዋ ደጋ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ከእኛ ወደ ደቡብ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ መሬት ደጋግሞ ሲናወጥ ከረመ፤ ታኅሣሥ 26 ቀን የደረሰው ወደ 5.8 ተጠጋ። በአፋርና በኦሮሚያ አጎራባች ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሳ፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቆች ላይ ያለውን ሰው ሳይቀር ደረጃ አስወረደ። በዚያ ሰሞን ሁሉም ስለ ዋና ከተማዋ ፎቅ ተጨነቀ። መጨነቁ ተገቢ ነበር። ስለ ማጀቴ የጠየቀ ግን አልሰማንም፤ በአንድ ቀን ፈርሳ የምታውቀው ከተማ እሷ ሆና ሳለ።

መሬት ሲናወጥ ሰው የሚሞተው ከሚወድቅበት ግድግዳና ጣሪያ ሥር ነው። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ቤት ይወድቃል የሚል ነው። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ከባድ የድንጋይ ግድግዳ ቶሎ ይናዳል። ፌሮ ያልገባበት፣ ከላይ ማሰሪያ ቢም የሌለው የብሎኬት ቤትም ያሰጋል፤ «ዘመናዊ» ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም እንጂ። በእንጨት የተማገረ የጭቃ ቤት ቀላልና ታጣፊ ስለሆነ፣ በደንብ ከታሰረ ይንገዳገዳል እንጂ ባንዴ አይናድም። ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ምርጊቱ ይረግፋል፤ ሰው ግን ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። «በደንብ ከታሰረ» ያልነው ላይ ነው ችግሩ ያለው፤ አብዛኛው ቤታችን ዛሬ በደንብ የታሰረ አይደለም።

የጭቃ ቤት ሕመም ከእግሩ ይጀምራል። ቋሚው በቀጥታ አፈር ውስጥ ይተከላል። ክረምት ውኃ ሥሩ ላይ ይተኛል፣ በጋ ምስጥ ይገባበታል፤ ቆላው ደግሞ የምስጥ አገር ነው። ድሮ ወይራና ፅድ ስለነበር ቋሚ ልጅ አሳድጎ የልጅ ልጅ ያይ ነበር። አሁን በብዛት የሚተከለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሳይደርቅና የተቃጠለ ዘይት እንኳ ሳይቀባ ከተተከለ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጫፉ ይበሰብሳል። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ቀለም ተቀብቷል፣ በሩ ላይ መጋረጃ አለ። ከሥር ግን የያዘው ነገር የለም።

ይህን ለማዳን ቤቱን ማፍረስ አያስፈልግም። ጣሪያው በጊዜያዊ ድጋፍ ይያዛል፤ የበሰበሰው የቋሚ ጫፍ እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ይቆረጣል፤ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ይገባለታል፤ ቋሚው እዚያ ላይ አርፎ እንዳይንሸራተት በብረት ወይም በወፍራም ሽቦ ይታሰራል። አንዱ ክፍል ሲሠራ ቤተሰቡ በሌላው ይኖራል፤ ሲያልቅ ይቀያየራሉ። ቀጥሎ ሰያፍ እንጨት ይመጣል። አናጺዎቻችን ቋሚና አግዳሚ ማገር ያውቃሉ፤ በማዕዘን በማዕዘኑ ከታች ወደ ላይ ተጋድሞ የሚወጣውን ሰያፍ ግን እንጨት ማባከን እየመሰላቸው ይተዉታል። ሰያፍ የሌለው ግድግዳ ሲገፉት እንደ ባዶ የክብሪት ሳጥን ይጣመማል። በአራቱ ማዕዘን ሰያፍ፣ በግድግዳው አናት ዙሪያውን የሚሄድ ማሰሪያ፣ ወጋግራውን ከቋሚው ጋር የሚያቆራኝ ሽቦ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር እዚህ ውስጥ የለም። የሚጠይቀው አንድ የሚያውቅ አናጺና አቅጣጫ የሚያሳይ አንድ መሐንዲስ ነው፤ ሁለቱም አሉን፣ ተገናኝተው ግን አያውቁም።

ስለ ልስንም አንድ ነገር እንበል፤ በየመንደሩ እያየን ዝም ያልነው ጥፋት ነውና። ገንዘብ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የጭቃ ግድግዳውን ከውጭ በሲሚንቶ መለሰን ነው። ያምራል፤ ግን ጭቃና ሲሚንቶ አብረው አይተነፍሱም። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፤ እንጨቱ ከውስጥ ሲበሰብስ ማንም አያይም። በደንብ የከረመና ጭድ የጠገበ ጭቃ፣ ወይም ኖራ የተቀላቀለበት ልስን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ረዘም ያለ የጣሪያ ክፈፍና አሸንዳ ያንን ግድግዳ የተሻለ ይጠብቁታል። ለሲሚንቶው የሚወጣው ብር ለአሸንዳና ለድንጋይ መሠረት ቢውል ቤቱ በእጥፍ ይኖር ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ሐሳብ አይደለም። መስከረም 28 ቀን 1998 ዓ.ም. በፓኪስታን ካሽሚር ከባድ መንቀጥቀጥ ደርሶ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲያልቅ፣ መንግሥት መጀመሪያ የመልሶ ግንባታ ድጎማ የሰጠው ለብሎኬትና ለኮንክሪት ቤት ነበር። ተራራው ላይ ያለው ሕዝብ ግን አያቶቹ ይሠሩት የነበረው በእንጨት ተሰያፎ በድንጋይና በጭቃ የተሞላው ቤት ቆሞ መትረፉን አይቶ ነበርና ወደዚያው ተመለሰ። መሐንዲሶች መጥተው መረመሩት፣ አሻሻሉት፣ በመጨረሻ መንግሥት ተቀብሎ ድጎማውን ፈቀደለት። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ የጭቃ ቤት ጥገና በሚያውቅ ሰው እጅ ተሠርቶ፣ ተመርምሮ፣ በከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሕጋዊ የሆነ የግንባታ ዓይነት ሆኖ እንዲመዘገብ። ኢትዮጵያ መንቀጥቀጥን የሚመለከት የግንባታ ኮድ አላት። የተጻፈው ስለ ኮንክሪት፣ ስለ ብረት፣ ስለ ግንብ እያሰበ ነው፤ የይፋት ሰው የሚኖርበት ቤት በዚያ ገጽ ላይ ቦታውን ማግኘት አለበት።

ለመሆኑ ይፋት ቤት መሥራት ከማን ተማረ? ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ ኖራ የሚባል ከተማ ፍርስራሽ አለ፤ አስባሪ አለ፣ ፋጋ አለ። የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ነበሩ። መስጊዶቻቸው በድንጋይ ተክበው የተሠሩ ናቸው፤ ከ600 ዓመት በኋላም ግድግዳቸው ይታያል። ወደ ከሚሴ በኩል ደግሞ ሾንኬ አለች፤ በኮረብታ ላይ የተደራረቡ የአርጎባ የድንጋይ ቤቶች። ሰው ወደ እነዚህ ቦታዎች ሄዶ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኛ የምንሻው አርጎባው ግንበኛ ድንጋይ እንዴት እንደሚያጣብቅ ለማጀቴ ወጣት እንዲያሳየው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ፤ ቤቱ የማን ነው?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። በደሃው ዘንድ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ያን ቀን አንድ ነገር አብሮ ተቋረጠ። አከራዩ ሄደ፤ ጠጋኝ አልተተካም። ቀበሌው በሳንቲም የሚቆጠር ኪራይ እየሰበሰበ ጣሪያ ሊቀይር አልቻለም። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ የድንጋይ መሠረት ቢያስገባ፣ ነገ «ለልማት ይፈለጋል» ሲባል ላጠፋው ገንዘብ የሚጠየቅለት የለም። እንዲህ ሆኖ ሦስት መንግሥት ያለፈበት ቤት ዛሬ ቢያዘም ጥፋቱ የማን ነው? ጥፋተኛ ሆኖ የሚቀርበው ግን ሁልጊዜ ነዋሪው ነው፤ «ሰፈሩን አቆሸሸው» ይባላል።

ስለዚህ አንዱን ጥያቄያችንን ያለ ማለባበስ እናስቀምጥ። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ቤቱን ከጠገነ ያወጣው ወጪ ተመዝግቦ በጽሑፍ ይሰጠው። ለተወሰነ ዓመት ማንም እንዳያስነሳው ዋስትና ይኑረው፤ ቤቱ ለሕዝብ ጥቅም የግድ ከተፈለገ የጠገነበት ይከፈለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለተነሺዎች ከቀድሞው የተሻለ ነገር ይዟል፤ የጥገናን ዋጋ ግን በቀበሌ ቤት ተከራይ እጅ ላይ የሚያኖር ደንብ ያስፈልገናል። ወረቀት ያለው ሰው ቆርቆሮ ይገዛል። ወረቀት የሌለው ላስቲክ ይዘረጋል።

የግል ይዞታ ያለውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ቋሚ ለመቀየር የጥገና ፈቃድ ሲጠይቅ «በፕላኑ መሠረት ቦታው ለፎቅ ነው» ይባላል። ፎቁ አይሠራም፤ ጥገናውም አይፈቀድም። ቤቱ እስኪወድቅ ይጠበቃል። እንዲህ ያለውን ፕላን የሚያወጣ ሰው ፕላኑ በወጣበት ሰፈር አንድ ክረምት እንዲያሳልፍ ብንጋብዘው ደስ ይለናል፤ አልጋው የሚቀመጠው ግን ከሚያፈሰው በኩል ነው።

አዲስ አበባን እያየን ነው የምንጽፈው። ልደታ ተነሳ፣ ሰንጋ ተራ ተነሳ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ ካዛንቺስ ተከተለ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፣ የእግረኛ መንገዱ ለዓይን ይማርካል። ይኸው ልማት ወደ ክልል ከተሞችም እየመጣ ነው። መንገድ እንዲሰፋ የማይወድ ማን አለ? የምንጠይቀው ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ጉልት ስትቸረችር የነበረችው ሴት ከሄደችበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና ለማን ትሸጣለች ብለን ነው። እድሯ ከሷ ጋር አልተዛወረም። ልጇን ስትወጣ የምትተውላት ጎረቤት ሌላ ሳይት ደርሷታል። በአዲስ አበባ ይህን ጉዳት የሚሸከም ሰፊ ገበያና ብዙ ሥራ አለ ይባል ይሆናል። ማጀቴ ላይ ሰፈር ቢበተን ሰው የሚሄድበት ሌላ ሰፈር የለም፤ አዋሳም ናዝሬትም አዲስ አበባም ይገባል፤ ከተማዋ ባዶዋን ትቀራለች።

እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር፤ ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ ከደርግ እስር ወጥተው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሬድ ባርና በተባለው የእርዳታ ድርጅት፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ራሳቸው ባቋቋሙት የተቀናጀ የከተማ ልማት ፕሮጀክት፣ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባሉ የቀበሌ ሰፈሮች ሠርተዋል። ሰው ሳይነሳ ቤት ተጠገነ፤ የጋራ ማድ ቤትና መጸዳጃ ተሠራ፣ ቦይ ተቆፈረ፣ መተላለፊያው ድንጋይ ለበሰ፤ ጤናና የገቢ ሥራም አብሮ ሄደ። ነዋሪው በኮሚቴው ይወስን ነበር። ትውልዳቸው ከንጉሣዊ ቤተሰብ ነው፤ ደሃ ሰፈር ውስጥ መዋልን ግን ከብዙ ድሃ ተወላጅ ባለሥልጣን በተሻለ ችለውበታል። በኢንዶኔዥያ ጃካርታም በ1969 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የካምፑንግ ማሻሻያ መንገድ፣ ቦይና ውኃ ብቻ እያስገባ የሚሊዮኖችን ኑሮ ቀየረ፤ ቤቱን ራሱ ሰዉ አሻሻለው፣ እንደማይነሳ ስላመነ።

በየክረምቱ ስለሚደረገው የበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካማ ቤት እድሳትም እንናገር። መልካም ነው፤ ብዙ አሮጊቶች ደረቅ ጣሪያ ሥር ያደሩት በሱ ነው። ግን ክረምት ላይ የጭቃ ቤት መጠገን ማለት ዝናብ ውስጥ ልብስ ማስጣት ነው። ጭቃ የሚመረገው በበጋ ነው፤ እንጨት የሚቆረጠውም በበጋ ነው። ክረምት ላይ የሚመቸው ካሜራ ይዞ መምጣት ብቻ ነው። ይህ በጎ ሥራ ወደ ጥቅምትና ኅዳር ይዛወር፤ ሪባን የሚቆርጠውም መጋዝ ይዞ ይምጣ።

አሁን ሳንነካው ማለፍ የማንችለው አለ። መሬት ካፈረሰው በላይ ሰው በግጭትና በጦርነት አፍርሷል። መጋቢት 2011፣ መጋቢትና ሚያዝያ 2013፣ ጥር 2015 ዓ.ም.፤ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ማጀቴ፣ ጂሌ ጥሙጋ እነዚህን ወራት በስማቸው ያውቋቸዋል። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትነድ ጭሱ ከሩቅ ይታይ ነበር። ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ደጃፍ ደረሰ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ያለው ውጊያም ገና አላለቀም። ማን ጀመረው በሚለው ላይ እኛ ውስጥ እንኳ አንስማማም፤ ይህን ጽሑፍ አብረን የፈረምነው ሳንስማማ ነው። የተስማማነው የተቃጠለ ቤት የአማራም ይሁን የኦሮሞ፣ የክርስቲያንም ይሁን የሙስሊም፣ ባለቤቱ በነበረበት ቦታ፣ ከነበረው ጎረቤቱ አጠገብ ይቁም በሚለው ነው። የተፈናቀለ ሰው ሌላ ቦታ ካምፕ ውስጥ አዲስ ቆርቆሮ ሲሰጠው ከተሞቻችን በጎሣ ይከፋፈላሉ፤ መንደር ከመንደር የሚተዋወቀው በሰንበቴ እሑድ ገበያ ብቻ ይሆናል። ቤት መልሶ መሥራት ሰላም አያመጣም፤ ያን ያህል የዋሆች አይደለንም። ሰላም የመጣ ቀን ግን ጎረቤት የሚባል ሰው እዚያ እንዲገኝ ያደርጋል።

ጭቃን እናመልካለን ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር ስለ ራሳችን ቤት ነውርም እንናገር። ጭስ ዓይን ያጠፋል። አይጥ አለ፣ ቁንጫ አለ። ግድግዳውን በየዓመቱ በእበትና በጭቃ የምትለቀልቀው ሴት ናት፤ ስለ «ባህላዊ ቤት ውበት» የሚጽፈው ሰው ወገብ ግን አልታመመም። መጸዳጃ ቤት የሌለው ግቢ ብዙ ነው። ስለዚህ ጥገና ስንል የጭስ መውጫ ያለው ማድ ቤት፣ መጸዳጃ፣ ከግቢ ውኃ የሚያስወጣ ቦይና በቀላሉ የሚታጠብ ወለል አብሮ ማለታችን ነው። ወለል በእበት መለቅለቅ የቀረበት ቤት ማየት እንፈልጋለን። የማይድን ቤትም አለ፤ ከቋሚው ግማሽ በላይ ያለቀ፣ በጎርፍ መውረጃ ላይ የቆመ። እንደ ሮቢና ጀውሃ ያሉ ወንዞች ሲሞሉ ማንንም አይመርጡም። እንዲህ ያለው ይፍረስ፤ ባለቤቱ ግን በዚያው ሰፈር፣ በሚደርስበት ርቀት፣ ቦታ ተሰጥቶት።

ገንዘቡስ? የይፋት ገበሬ ማሾውንና ማሽላውን ሸጦ ቆርቆሮ ይገዛል፤ ይህ ገንዘብ ዛሬም አለ፤ ግን ብቻውን ተበትኖ ይወጣል። ዕቁብ ለሠርግና ለነጋዴ ብቻ አይደለም፤ የቋሚ ዕቁብ ይጣል። ደቦና ጅጌ ለአጨዳ እንደሚጠራ ለማገርም ይጠራ። ከተማው ኮብልስቶን ሲያስነጥፍ ወጣት አደራጅቶ የቀን ሂሳብ ከፍሎ ነበር፤ በዲግሪ ድንጋይ መጥረብ ምን ያህል እንደተቀለደበትም እናስታውሳለን። ያው ወጣት ዛሬ ጥርብ ድንጋይ ያውቃል። በዚያው አደረጃጀት የቤት እግር እንዲጠግን ይከፈለው። ዋሽንግተንና ጅዳ ያላችሁ ልጆቻችን ደግሞ፣ ለአባታችሁ ግቢ የግንብ አጥርና የብረት በር ከመላካችሁ በፊት፣ ለአንድ መንገድ ሙሉ ቤት የሚሆን ሰያፍ እንጨትና ሽቦ ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ትደነግጣላችሁ፤ በርካሽነቱ።

ቀን ቆርጠናል። ግንቦት 24 ቀን 2033 ዓ.ም. ማጀቴ የፈረሰችበት 80ኛ ዓመት ነው። እስከዚያ ቀን በማጀቴ ሰያፍ የሌለው ቤት እንዳይኖር እንፈልጋለን። በዚያ ቀን አንድ ሰው ከካራቆሬ ወደ ማጀቴ ቢገባ የሚያየው ከተማ ይህ ነው፦ ቤቶቹ አጫጭር ናቸው፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ክፈፋቸው ረጅም፤ ሁሉም ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ባለ ጥቁር ድንጋይ ላይ ቆመዋል። በየመንገዱ ዳር ክዳን ያለው ቦይ አለ። ጥላ የሚሰጥ ዋንዛና ግራር አለ፤ በየግቢው ሎሚ። ትምህርት ቤቱ አጠገብ አንድ ሰፊ የአናጺ ግቢ አለ፤ እዚያ የምህንድስና ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር ይመጣል፣ ከአናጺው ጋር በአንድ እንጨት ላይ ይሠራል፣ ሁለቱም የሚፈርሙበት የብቃት ወረቀት ይወጣል። ቀበሌው ቢሮ ግድግዳ ላይ ስንት ቤት እንደተጠገነ የሚናገር ሰሌዳ አለ፤ ስንት ቤት እንደፈረሰ የሚናገር ሰሌዳ ደግሞ ከጎኑ፤ ሁለተኛው ላይ የእያንዳንዱ ነዋሪ አዲስ አድራሻ ተጽፏል። መሬት ቢናወጥ ሰዉ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ሲያርፍ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ምርጊት ይደግማል።

የምንጀምረው በአንድ መንገድ ነው፤ ከተማውን በሙሉ ለመያዝ የሚቃጣው ሰው አንድም ቤት እንደማይጨርስ ከልምድ እናውቃለን። መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ አጨዳው ከመድረሱ በፊት፣ የመንገዱ ነዋሪ በእድርና በቅሬ ተሰብስቦ መጀመሪያ የሚጠገኑትን ቤቶች ራሱ ይመርጣል። ምርጫው በሁለት መስፈርት ነው፤ ቤቱ ምን ያህል ሊወድቅ እንደደረሰና ውስጡ ምን ያህል አቅም የሌለው ሰው እንዳለ። ዝምድና አይቆጠርም፤ የፖለቲካ አባልነትም አይቆጠርም። እያንዳንዱ ቋሚ በመዶሻ እየተመታ ይደመጣል፤ ባዶ ድምፅ የሰጠው በኖራ ምልክት ይደረግበታል። ጭቃው ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይቦካ። ጭድ ያለው ጭድ ያምጣ፤ በሬ ያለው ድንጋይ ይጎትት። መሐንዲስ የሆናችሁ ልጆች በእጃችሁ መዶሻ ይዛችሁ ኑ፤ ላፕቶፑን ከሰዓት በኋላ ታወጡታላችሁ።